የወርቅ ቀለበትና የብረት ቀለበት፦ ይሉኝታና የሴቶች ልግስና በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ግራና ቀኝ

በአንድ ማኅበር ስብሰባ ላይ የመዋጮ መዝገብ ሲዞር ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይፈጸማሉ። አንደኛው በቀለም የሚጻፈው የገንዘብ ልክ ነው። ሁለተኛው በመዝገቡ ላይ የማይታየው፣ ሰጪው እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት ግራና ቀኙን የሚመለከትበት ቅጽበት ነው። ከእሱ በፊት የፈረመው ምን ያህል ሰጠ? ከእሱ በኋላ የሚፈርመውስ ምን ይለዋል? አማርኛ ይህን ስሜት «ይሉኝታ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ይገልጸዋል። ሰው ለሚሰጠው ነገር መጠኑን የሚቆርጥለት ብዙ ጊዜ ኪሱ ሳይሆን ይኸው «ምን ይሉኝ» ይሆናል።

ይሉኝታ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ዕድሩ የቆመው፣ ቤተ ክርስቲያኑ የታነጸው፣ የመንደሩ ትምህርት ቤት ክዳን የለበሰው በአብዛኛው በእሱ ብርታት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው አነጋገር የጋራ መዋጮን ምስጢር በአጭሩ ይናገራል። ይሁን እንጂ ምሳሌው አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ሃምሳው ሎሚ በእርግጥ ለሃምሳው ሰው እኩል ይከፋፈላልን? በመሐንዲሶች ዘንድ እንደሚታወቀው፣ በአንድ መዋቅር ላይ የሚያርፍ ጭነት ለሁሉም አካላት በእኩል አይደርስም፤ ይበልጥ ግትር ወደ ሆነው አካል ያደላል። የኅብረተሰብ ልማድም እንደዚሁ ነው። አንዱ የልግስና ጥሪ በወንዱና በሴቲቱ ላይ ሲያርፍ የተለያየ ክብደት፣ የተለያየ ቅርጽና የተለያየ ውጤት ይኖረዋል። ይህንም በግልጽ ከሚያሳዩት የታሪክ ምዕራፎች አንዱ በቀጥታ የኢትዮጵያን ዕድል የነካ ነው።

የነገሩ ጅማሬ ከኢጣልያ ሳይሆን ከፕሩሲያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 ፕሩሲያ በናፖሊዮን ላይ ስትነሣ ግምጃ ቤቷ ባዶ ነበር። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር የንጉሡ ወንድም ሚስት ልዕልት ማሪያኔ ከሌሎች የቤተ መንግሥት እመቤቶች ጋር ሆነው የአገሪቱ ሴቶች የወርቅ ጌጣቸውን ለጦርነቱ እንዲሰጡ ጥሪ አስተላለፉ። ወርቋን የሰጠች ሴት በምትኩ የብረት ቀለበት ትቀበል ነበር፤ በላዩም ወርቅን በብረት መለወጧን የሚመሰክር ጽሕፈት ነበረበት። የበርሊን የመንግሥት ማቅለጫ እ.ኤ.አ. ከ1804 ጀምሮ ከብረት ስስና ረቂቅ ጌጥ የማፍሰስ ጥበብን አዳብሮ ስለ ነበረ የብረት ጌጥ እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዳ የነበረው በአንድ ዓመት ውስጥ የክብር ሚዛን መገልበጡ ነው። ትናንት የኩራት ምልክት የነበረው ወርቅ ዛሬ በአደባባይ ሲታይ ማሳፈር ጀመረ፤ ትናንት የድኻ ማዕድን የነበረው ብረት የአገር ፍቅር ማስረጃ ሆነ።

በዚያው ወር ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም 3ኛ ለተዋጊዎች የብረት መስቀል ኒሻንን አቋቋሙ። እንግዲህ ወንዱና ሴቲቱ ከአንድ ማዕድን የተሠራ ምልክት ተቀበሉ። ልዩነቱ ግን የጎላ ነው። የወንዱ መስቀል ማዕርግ ነበረው፤ የተሸላሚው ስምና የሠራው ጀብዱ በመዝገብ ይገባ ነበር። የሴቲቱ ቀለበት ስም አልነበረውም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ጽሕፈት ይዘው የወጡ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1814፣ ለሴቶች የሉዊዘ ኒሻን ሲቋቋም እንኳ የተሸላሚዎቹ ቁጥር ከ100 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ከወንዱ የተጠበቀው ተግባር ሲሆን ከሴቲቱ የተጠበቀው ከገላዋ ላይ አውልቃ መስጠት ነበር።

ይህ ልማድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመንና በአውስትሪያ ተደገመ። እጅግ በተደራጀ መልክ የተፈጸመው ግን ከዚያ ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

የሙሶሊኒ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን አጥቂ ብሎ ከፈረደ በኋላ የወሰነው የኢኮኖሚ ማዕቀብ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1935፣ ማለትም ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በሥራ ላይ ዋለ። ማዕቀቡ ነዳጅን፣ ከሰልንና ብረትን ያልነካ፣ የስዊዝን ቦይም ክፍት የተወ ስለ ነበረ የወራሪውን ሠራዊት አላቆመውም። ለፋሺስት መንግሥት ግን ትልቅ የፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ሆነለት። «52 አገሮች በአንድ ድኻ ሕዝብ ላይ ተነሡ» የሚል ዘመቻ ተከፈተ፤ ለአገር ወርቅ የመስጠት ጥሪም ተከተለ።

የዘመቻው ከፍተኛ ቀን ልክ አንድ ወር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1935 (ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም.) ተከበረ። ስሙም በጥንቃቄ የተመረጠ ነበር። «ፌዴ» የሚለው የኢጣልያንኛ ቃል እምነት ማለት ነው፤ የጋብቻ ቀለበትም ማለት ነው። ስለዚህ «የፌዴ ቀን» ሲባል የእምነት ቀንም፣ የቀለበት ቀንም ማለት ሆነ። በሮማ ከተማ፣ ስሙ ያልታወቀው ወታደር መቃብር ባለበት የአገር መሠዊያ ላይ፣ ንግሥት ኤሌና የራሳቸውንና የባላቸውን የንጉሥ ቪቶርዮ ኤማኑኤሌ 3ኛን የቃል ኪዳን ቀለበት አኖሩ። ከእሳቸው በኋላ ልጆቻቸውና ባሎቻቸው በጦርነት የሞቱባቸው እናቶችና ሚስቶች በተራ ወጡ፤ ከዚያም ተራዋ የሮማ ሴት ተከተለች። ካህናት በቦታው ነበሩ፤ ወርቅ ለሰጡትም የአረብ ብረት ቀለበት እየተባረከ ይታደል ነበር። በቀለበቱ ውስጠኛ ክፍል የተቀረጸው ቀን ሰጪዋ ያገባችበት ቀን አልነበረም፤ ወርቋን የሰጠችበት ቀንም አልነበረም። የተቀረጸው ማዕቀቡ የጀመረበት ኖቬምበር 18 ነበር።

በሮማ በዚያ ዘመቻ የተሰበሰበው ቀለበት ቁጥር ከ250 ሺህ እንደሚበልጥ ተዘግቧል። በመላ ኢጣልያ ከቀለበትም ከሌላም ጌጥ የተሰበሰበው ወርቅ ከ30 ቶን በላይ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች ትልቅ መስለው ይታያሉ። ሆኖም ቀላል ስሌት ሌላ ነገር ያሳያል። አንድ የጋብቻ ቀለበት በአማካይ 4 ግራም ቢመዝን፣ የሮማ 250 ሺህ ቀለበት ተደምሮ 1 ቶን ብቻ ይሆናል፤ ይህም ከጠቅላላው ወርቅ ከ3 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ሠላሳውን ቶን በሙሉ በዘመኑ የአሜሪካ መንግሥት በሚገዛበት ዋጋ፣ በአንድ የወርቅ አውንስ 35 ዶላር ቢያሰሉት ደግሞ ወደ 34 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። በቢሊዮን የሚቆጠር ሊሬ ለዋጠው ጦርነት ይህ ገንዘብ ድጋፍ እንጂ ምሰሶ አልነበረም።

ታዲያ መንግሥቱ ለዚህ ያህል ጥቂት ወርቅ ስለ ምን ያን የመሰለ ሥርዐት ደገሰ? መልሱ በሰጪዋ ጣት ላይ ነበር። ገንዘብ የሰጠና ያልሰጠ ሰው በመንገድ ሲሄድ አይለይም። ቀለበት ግን ይለያል። ከታኅሣሥ 8 ቀን ጀምሮ የአንዲት ያገባች ሴት እጅ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በውኃ ቧንቧ ዘንድ የሚነበብ ወረቀት ሆነ። የአረብ ብረት ቀለበት ካለ ሰጥታለች። ወርቅ ካለ አልሰጠችም። ጥሪው በሕግ የታዘዘ ግዴታ አልነበረም፤ ግዴታውን የፈጠረው የጎረቤት ዓይን ነበር። በኢጣልያ የቃል ትውስታ ውስጥ፣ አንዳንድ ቤተሰቦች ርካሽ ቀለበት ገዝተው እሱን እንደ ሰጡና እውነተኛውን በሣጥን እንደ ደበቁ ሲነገር ቆይቷል። ይህ ማታለል ራሱ ብዙ ያስረዳል። እነዚያ ሴቶች ወርቁን ለመስጠት አልፈለጉም፤ የብረቱን ቀለበት ሳያደርጉ ከቤት ለመውጣት ግን አልቻሉም።

ወንዶቹስ? ወንዶችም ሰጥተዋል። ስጦታቸው ግን ሌላ መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1934 በሥነ ጽሑፍ የኖቤልን ሽልማት ያገኘው ሉዊጂ ፒራንዴሎ የሽልማት ሜዳሊያውን ሰጠ። ፈላስፋው ቤኔዴቶ ክሮቼ ደግሞ የሴናተርነት ሜዳሊያውን ሰጠ። የክሮቼ ነገር በተለይ የሚያስደንቅ ነው። ይህ ሰው ከእ.ኤ.አ. 1925 ጀምሮ ፋሺዝምን በጽሑፍ የተቃወመ፣ በአገሩ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት ነፃ ድምፆች አንዱ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው እንኳ «አገሩን ካደ» ከመባል መስጠትን መረጠ። ስለዚህ የይሉኝታ ኃይል በሴቶች ላይ ብቻ ይሠራል ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። የሚለየው መንገዱ ነው። ወንዱ የሰጠው የማዕርጉን ምልክት ነበር፤ ሲሰጥም ስሙ በጋዜጣ ወጣ፤ ሜዳሊያው ቢሄድም ሴናተርነቱና ደራሲነቱ አብረውት ቀሩ። ተራዋ ሴት የሰጠችው ብቸኛ የወርቅ ንብረቷን፣ አንዳንድ ጊዜም በችግር ቀን የምትሸጠውን መጠባበቂያዋን ነበር፤ ስሟም ከሕዝብ መካከል ተለይቶ አልወጣም። ያን ቀን በመሠዊያው ፊት የተሰለፉት የኢጣልያ ሴቶች በአገራቸው ብሔራዊ ምርጫ ድምፅ ለመስጠት እስከ እ.ኤ.አ. 1946 መጠበቅ ነበረባቸው። ጦርነቱን ይደግፉ እንደ ሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። የተጠየቁት ቀለበታቸውን ብቻ ነበር።

የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ነው። በዚያው በታኅሣሥ ወር የወራሪው አይሮፕላኖች በተከዜ አካባቢ የሰናፍጭ ጋዝ መርጨት ጀመሩ። ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በደቡብ ጦር ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በቦምብ ተመታ። ያ የሕክምና ጓድ የተላከው የስዊድን ሕዝብ በሰጠው ርዳታ ነበር። የትኛዋ ቀለበት የትኛውን ቦምብ እንደ ገዛች የሚያውቅ የለም። ነገር ግን የአንዱ አገር ልግስና የሌላውን አገር ልግስና ያወደመው በ12 ቀን ልዩነት ነው። ልግስና በራሱ የደግነት ማረጋገጫ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል የነበረው የልግስና ልማድ ከጥንት የመጣ ነበር። የክተት ነጋሪት ሲመታ ዘማቹ መሣሪያውንና ስንቁን ይዞ ይወጣል። መሣሪያው የወንዱ ነው፤ በሶውን የፈጨው፣ ድርቆሹን ያደረቀው፣ ቆሎውን የቆላው፣ ብዙ ጊዜም ተሸክሞ የተከተለው የሴቲቱ እጅ ነው። ዜና መዋዕል የጸፉ ሊቃውንት የትኛው መኳንንት ስንት ሺህ ሰው ይዞ እንደ ዘመተ በጥንቃቄ መዝግበዋል። እቴጌ ጣይቱ ወደ ዐድዋ ይዘው የዘመቱት ጦርም ተመዝግቧል። ስንት ቁና በሶ እንደ ተዘጋጀና ማን እንዳዘጋጀው ግን አልተጻፈም። እዚህም ልማዱ ሁለት ዓይነት ነበር። ወንዱ ቢቀር «ፈሪ» ይባላል፣ ቢዘምት ይሾማል፣ ይሸለማል። ሴቲቱ ስንቁን ባታዘጋጅ ትነቀፋለች፤ ብታዘጋጅ ግን የሚጠበቅባትን እንዳደረገች ብቻ ይቆጠራል። በቤት ሥራ መልክ የተሰጠ ስጦታ እንደ ስጦታ አልታየም።

በ1928 ዓ.ም. ዋዜማ ይህን ልማድ በአዲስ መልክ ያደራጁ ተቋሞች ተፈጠሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በዚያው በ1935 በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ሥራውን ጀመረ፤ ልዕልት ፀሐይም ከግንባር ቀደም አንቀሳቃሾቹ አንዷ ነበሩ። የማኅበሩ ሴቶች ለዘማቹ ልብስ ሰፉ፤ የቁስል ማሰሪያ አዘጋጁ፤ ከጋዝ የሚከላከል ጭንብል ለመሥራትም ሞከሩ። በቤት ውስጥ ተበታትኖ የኖረው የሴቶች አስተዋጽኦ በዚህ ጊዜ የማኅበር ስም፣ መዝገብና አድራሻ አገኘ። ይህም ቀላል ለውጥ አይደለም። የሚቆጠር ነገር የሚታይ ነገር ይሆናልና።

የመሠዊያው ሥርዐት ፍጹም ተቃራኒ የታየው ግን ከአዲስ አበባ መያዝ በኋላ ነው። በጠላት በተያዘው አገር የውስጥ አርበኞች የተባሉት ሰዎች ለዱሩ አርበኛ ስንቅ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ያቀብሉ ነበር። ከእነዚህም መካከል ሴቶች ከፍ ያለ ድርሻ ነበራቸው። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ተይዘው ታሰሩ፤ ኢጣልያ ወደምትገኘው የአዚናራ ደሴትም ተጋዙ፤ ከግዞት ተመልሰውም ትግሉን ቀጠሉ። ለዚህ ዓይነቱ መዋጮ መሠዊያ አልነበረውም፤ መዝገብ አልነበረውም፤ ምልክት የሚሆን ቀለበትም አልነበረውም። የጎረቤት ዓይን ቢያየው የሚያስከትለው ሞት ነበር። በሮማ ሴቲቱ የሰጠችው ስለምትታይ ነበር፤ በአዲስ አበባ የሰጠችው ካልታየች ብቻ ነበር። ሁለቱም ከልማድ ውጪ አልነበሩም፤ የአገርና የቤተሰብ ክብር ሁለቱንም ይዟቸዋል። ነገር ግን ሰጪዋ ለሰጠችበት ዓላማ ራሷ የወሰነችው የትኛዋ እንደ ሆነች ማስረዳት አያሻም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሲልቪያ ፓንክረስት አዲስ አበባ በተያዘችበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 (ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.)፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። የመንግሥታቸው ፖሊሲ ፊቱን ባዞረበት ጊዜ ለዚህ ጉዳይ ገንዘብ መስጠት ክብር የሚያስገኝ አልነበረም። በስደት ሳሉ በለንደን የነርስነት ትምህርት ያጠናቀቁት ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ.ም. በነቀምቴ በወጣትነታቸው ሲያርፉ፣ ሲልቪያ ፓንክረስት ለመታሰቢያቸው የሚሠራ ሆስፒታል ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ ያዙ። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ዘመናት ካለፉ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። የሰጪዎቹ ስም ቢረሳም ሕንፃው በሽተኛ መቀበሉን አላቆመም። የሮማው ወርቅ ግን ቀልጦ ከተበተነ በኋላ የቀረው ምልክት በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የዛገው ቀለበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ምሁራን ይህን ጉዳይ በሙከራ ለመመርመር ሞክረዋል። ጄምስ አንድሪኦኒና ሊሰ ቬስተርሉንድ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ ተማሪዎች ስማቸው ሳይገለጽ ገንዘብ ለሌላ ሰው እንዲያካፍሉ አደረጉ። ውጤቱ ወንዶች ወይም ሴቶች በጅምላ ይበልጥ ለጋስ ናቸው የሚል አልነበረም። መስጠት ብዙ በማያስከፍልበት ጊዜ ወንዶቹ ይበልጥ ሰጡ፤ መስጠት ብዙ በሚያስከፍልበት ጊዜ ሴቶቹ ይበልጥ ሰጡ። ወንዶቹ ወደ ሁለቱ ጫፎች፣ ማለትም ሁሉን ወደ መስጠት ወይም ምንም ወዳለመስጠት ሲያደሉ፣ ሴቶቹ ወደ እኩል ማካፈል አዘነበሉ። ይህ በአንድ አገር በተማሪዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ስለ ሆነ የሮማን አደባባይ ወይም የአዲስ አበባን ጓዳ ሊተረጕም አይችልም። አንድ ነገር ግን ያስተምራል። ታዛቢ በሌለበት ክፍል ውስጥ እንኳ ሁለቱ ጾታዎች ተመሳሳይ ጥያቄን በተለያየ መንገድ ይመልሳሉ፤ ታዛቢ ሲጨመርበት ልዩነቱ የሚሰፋውም የሚጠበውም እንደ ታዛቢው ዓይነት ነው።

ይህ ሁሉ ለአንድ የሙያ ማኅበር ምን ይጠቅመዋል? ማኅበሮች ገንዘብ ያሰባስባሉ፤ ለሕንፃ፣ ለድርቅ፣ ለታመመ የሥራ ባልደረባ። ሲያሰባስቡም ሳያስቡት ልማድን ይፈጥራሉ። ስም በጮኸ ድምፅ ሲነበብ የሚበረታታው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ የሚሸማቀቀው ሌላ ዓይነት ሰው ነው። መዝገቡ የባልን ስም ብቻ ሲይዝ ከአንድ ቤት ጓዳ የወጣው የሁለት ሰው ገንዘብ የአንድ ሰው ልግስና ሆኖ ይቀራል። በብዙ ዕድሮች ንፍሮውን የቀቀለችው፣ እንጀራውን የጋገረችው፣ ድንኳን ውስጥ ሌሊቱን ያደረችው ሴት ድካም በሒሳብ መዝገብ ውስጥ ዓምድ የለውም። የሴቶች ዕድሮች ለብቻቸው ተቋቁመው መጠንከራቸው ለዚህ አንድ መልስ ነው፤ ጥያቄውን ግን ከቀሪዎቹ መዝገቦች ላይ አላነሣውም።

የ1928 ዓ.ም. ታሪክ ለእንዲህ ያለው መዝገብ ሦስት መፈተኛዎችን ትቶ አልፏል። የመጀመሪያው ያልሰጠ ሰው በሰላም ወደ ቤቱ መግባት ይችላልን የሚል ነው፤ በሮማ አልቻለም። ሁለተኛው የተሰጠው ሁሉ፣ ገንዘቡም ድካሙም፣ ይቆጠራልን የሚል ነው፤ የዐድዋው በሶ አልተቆጠረም። ሦስተኛው የሰጠው ሰው በተሰጠው ነገር ሥራ ላይ ቃል አለውን የሚል ነው፤ ቀለበቷን የሰጠችው ሴት አልነበራትም። እነዚህን ሦስቱን የሚያልፍ መዋጮ ትንሽም ቢሆን የሰጪዎቹ ነው። የማያልፈው 30 ቶን ወርቅ ቢሆን እንኳ ስጦታ ሳይሆን ግብር ነው።